ዌብሳይት ያላት ኮምባይነር

(አሰላ፣ ከአስፋልቱ ዳር ያለ ግቢ። የአጨዳ ወቅት ነው። የሰው ኮምባይነር ሁሉ ማሳ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ፣ የከዲሮ ኮምባይነር እንደ ሙሽራ ታጥባ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ባለቤቷ ከዲሮ ፎቶ ሊያነሳት ስልኩን ደግኗል። ኦፕሬተሯና የከዲሮ አብሮ አደግ የሆነው ዋቅጅራ ባልዲና ጨርቅ ይዞ ጎማዋ ሥር ቁጢጥ ብሏል።)

ከዲሮ፦ በቀኝ ጎኗ ነው የምትነሳው አልኩህ!

ዋቅጅራ፦ በቀኝ በኩል እኮ መሰላል የላትም። ገበሬው ሲያያት «ይሄ ኦፕሬተር በምን ወጣ?» ብሎ ይጨነቃል።

ከዲሮ፦ አይጨነቅም! ዌብሳይት ላይ ማንም አይጨነቅም። ዞር በል፣ ጥላህ ገባ።

ዋቅጅራ፦ ከዲሮ፣ ትናንት አጠብናት፣ ዛሬም አጠብናት። እኔ እንዲህ የታጠብኩት ለሠርጌ ብቻ ነው።

ከዲሮ፦ ደንበኛ መጀመሪያ የሚገዛው በዓይኑ ነው።

ዋቅጅራ፦ የቱ ደንበኛ?

ከዲሮ፦ የሚመጣው።

ዋቅጅራ፦ መቼ ነው የሚመጣው? የዴራው ስንዴ ታጭዶ አለቀ። የኦጎልቾውም ጎተራ ገባ። የቀረው ወደ ጢቾ ያለው ደጋ ብቻ ነው፤ እሱም ካለቀ እስከ ከርሞ ዶሮ ነው የሚሰፍርባት። እኔ ደግሞ የሚከፈለኝ ባጨድኩት ኩንታል ነው እንጂ ባጠብኩት ጎማ አይደለም። ቤት አራስ ትጠብቀኛለች።

ከዲሮ፦ በመጀመሪያ ደረጃ ከዲሮ አትበለኝ።

ዋቅጅራ፦ እና ማን ልበልህ?

ከዲሮ፦ ዌብሳይቱ ላይ «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ተብያለሁ።

ዋቅጅራ፦ ማሻአላህ በል! እኔስ ምን ተባልኩ?

ከዲሮ፦ «የሰው ኃይላችን»።

ዋቅጅራ፦ ሁሉም?

ከዲሮ፦ ሁሉም አንተ ነህ። ኩራ።

ዋቅጅራ፦ (ትንሽ ይኮራል፤ ከዚያ ይተወዋል) አምና ይሄኔ ሀሰኖ ደላላው ከማሳ ማሳ ሲያሯሩጠን እንቅልፍ አጥተን ነበር። ምን በደለህ ያባረርከው?

ከዲሮ፦ ሀሰኖ ምንድን ነው? አንድ አፍና ሁለት እግር! ዌብሳይት አይርበውም፣ አይተኛም፣ ምሳ ግዛልኝ አይልም። ቀንና ሌሊት ክፍት ነው።

ዋቅጅራ፦ እሁድም?

ከዲሮ፦ እሁድማ አንተ ቤተ ክርስቲያን ስለምትሄድ ዘግቼዋለሁ።

ዋቅጅራ፦ ጌታ ይባርክህ። ዓርብስ?

ከዲሮ፦ እኔ ጁምዓ ሄጄ እሱ ሲሠራ ይዋል? ነውር አይደለም? ዘጋሁት።

ዋቅጅራ፦ ቅዳሜ እንግዲህ...

ከዲሮ፦ ቅዳሜ ገበያ ነው። ሰው ሁሉ ገበያ ወጥቶ ዌብሳይት ማን ያያል? ዘጋሁት።

ዋቅጅራ፦ ቀንና ሌሊት ክፍት ነው አላልክም እንዴ?

ከዲሮ፦ ከተከፈተ ቀንና ሌሊት ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ዕድለኛ ነህ። ክፈተውና እይ።

ዋቅጅራ፦ (እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን ያወጣል) ይሽከረከራል።

ከዲሮ፦ ይሽከረከር። ፎቶዋ ትልቅ ስለሆነ ቀስ ብላ ነው የምትመጣው። እውነተኛዋስ ጢቾ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ ትፈጅ የለ?

ዋቅጅራ፦ እሱስ ልክ ነህ። (ይጠብቃል፤ ያዛጋል፤ ይጠብቃል) ያ ዋቅ! ሰላም አለኝ! «አካም፣ ነጋ?» ይለኛል!

ከዲሮ፦ (ደረቱን ነፍቶ) የኔ ሐሳብ ነው! የሠራችው የእህቴ ልጅ ኢስራ «አጎቴ፣ ሰው ዌብሳይት የሚከፍተው የሚፈልገውን ቶሎ ሊያገኝ ነው» ብላ ተሟገተችኝ። ልጅ ናት። አርሲ ውስጥ ሰላምታ ሳይጨርስ ዋጋ የሚጠይቅ ወይ ሌባ ነው ወይ የአዲስ አበባ ሰው ነው። እኔ ዘንድ ጠያይቆ ያልጨረሰ ሰው ኮምባይነሬን አያያትም።

ዋቅጅራ፦ «ነጋ» አልኩት። «ልጆች ደህና?» ደህና። «ጎረቤት ደህና?» ደህና። «ማሳው ደህና?» ደህና። «ከብቱ ደህና?»... (እጁ አየር ላይ ይቀራል)

ከዲሮ፦ ንካው እንጂ!

ዋቅጅራ፦ በሬዬ ታሟል።

ከዲሮ፦ ደህና በለው!

ዋቅጅራ፦ ልዋሽ? ከትናንት ጀምሮ ሣር አልቀመሰም። «አልተሻለውም» የሚለው በየት በኩል ነው?

ከዲሮ፦ እንደዚያ የሚል የለውም።

ዋቅጅራ፦ ይኸው ስቆይበት «እንደገና እንጀምር» አለ። «አካም፣ ነጋ?» ይለኛል ደግሞ።

ከዲሮ፦ ወላሂ፣ ያንተ በሬ ንግዴን ሊገድለው ነው!

ዋቅጅራ፦ ሰው ቢሆን «ምን ነካው? ምን አበላኸው?» ይለኝ ነበር። ሀሰኖ እኮ ሐኪም ሁሉ ይጠራልኝ ነበር።

ከዲሮ፦ ደህና በለውና ግባ!

ዋቅጅራ፦ (ወደ ሰማይ አይቶ) ይቅር በለኝ። ደህና፣ ደህና፣ ደህና፣ ደህና... ገባሁ! ይሄ ሁሉ እንግሊዝኛ ምን ይላል?

ከዲሮ፦ እኔ ምን አውቄ? ግን ሲያዩት አያኮራም?

ዋቅጅራ፦ ለማን ነው የተጻፈው?

ከዲሮ፦ ለዓለም።

ዋቅጅራ፦ የዓለም ስንዴ ወዴት በኩል ነው ያለው? መንገዱ ለማሽኗ ይሆናል?

ከዲሮ፦ አንተ ሰው፣ ቁጭ በልና ልንገርህ። ጠንካራ ዌብሳይት የሌለው ንግድ በር የሌለው ሱቅ ነው። ደንበኛ ካንተ ጋር ሳይገናኝ በፊት እዚያ ያይሃል። ካመነህ ይመጣል፤ ካላመነህ መልኩን እንኳ ሳታየው ያልፍሃል።

ዋቅጅራ፦ ይሄ ጥሩ ነገር ነው። የሚያምነኝ በምኑ ነው?

ከዲሮ፦ በቀለሙ። ኢስራን አረንጓዴ አድርጊው ነው ያልኳት።

ዋቅጅራ፦ የጢቾ ገበሬ እንግሊዝኛውን ሲያየውስ?

ከዲሮ፦ «እኔ የማላነበውን የጻፈ ሰው ምን ያህል ቢያውቅ ነው!» ብሎ ያከብረኛል።

ዋቅጅራ፦ አክብሮህ ምን ያደርጋል?

ከዲሮ፦ ይደውላል።

ዋቅጅራ፦ ወዴት? ስልክ ቁጥር የለውም እኮ።

ከዲሮ፦ ስልኩን ለመጣው ሁሉ የሚሰጥ ይናቃል። የፈለገ አፈላልጎ ያገኘኛል።

ዋቅጅራ፦ ስንዴው እስከዚያ ይጠብቀዋል?

ከዲሮ፦ (ይቆጣል) አንተ ጨርቁን ያዝ! ቴክኖሎጂ ላንተ አልተፈጠረም።

ዋቅጅራ፦ (ስልኩን ወደ ታች እየገፋ) ውይ! እዚህ ግርጌ የኔዋ አለች!

ከዲሮ፦ የምን ያንተ?

ዋቅጅራ፦ አንተ ፎቶ ላይ ሆነህ ኢስራ መጥታ፣ «ስለ እኛ የሚለው ገጽ ባዶ ቀረብኝ፣ ዋቅጅራ፣ ስለ ሥራችሁ አንድ ነገር በለኝ» አለችኝ። ነገርኳት። በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፈችው።

ከዲሮ፦ (ባልዲውን ይረግጣል) አንብብ! ቶሎ አንብብ!

ዋቅጅራ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ምእመናን ፊት እንደቆመ ሰው) «ስሜ ዋቅጅራ ነው፤ ኦፕሬተር ነኝ። ዴራ ላይ የወይዘሮ ውድነሽን ስንዴ ሳጭድ የማሽኗ ቺንጋ፣ ሞተሯን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበጠሰ። ሳልፈትሻት ነበር ማሳ የገባሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ስንዴው መሬት ላይ ፈሰሰ።»

ከዲሮ፦ ያ አላህ!

ዋቅጅራ፦ ገና ነው። «ወይዘሮ ውድነሽ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።»

ከዲሮ፦ ኮምባይነሯስ አላለቀሰችም?

ዋቅጅራ፦ እሷ ዘይት ብቻ ነው ያፈሰሰችው። እሱንም ጽፌዋለሁ። «ተንበርክከን እስኪመሽ በእጃችን ለቀምን። ከዚያ ቀን ወዲህ እያንዳንዱን ቺንጋ በጣቴ ሳልዳስስ ቁልፍ አልነካም። ጥያቄ ካላችሁ ደውሉልኝ።» ቁጥሬም አለበት።

ከዲሮ፦ ይሄን ነገር ማን አስተማረህ? ጠላቶቼ?

ዋቅጅራ፦ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሰው ተነሥቶ ሲመሰክር ከውድቀቱ ነው የሚጀምረው። ሳይወድቅ ምን ሊያወራ ነው?

ከዲሮ፦ ይሄ ንግድ ነው! ንግድ ውስጥ ማንም አይወድቅም! ሽማግሌ ለጋብቻ ተልኮ «ልጃችን ሰካራም ነበር» ብሎ ይጀምራል?

ዋቅጅራ፦ ደብቆት ኋላ ሲታወቅ የሚሰደበው ማነው? ሽማግሌው አይደል?

ከዲሮ፦ (ሳይሰማው ስልክ ይመታል) ኢስራ! ኢስራ!... ዘግታዋለች። ማንም ሳያየው ካላጠፋችው እኔ አሰላ ላይ በምን ዓይኔ...

(የዋቅጅራ ስልክ ይጮኻል።)

ዋቅጅራ፦ ሀሎ... ኤዬ፣ ነጋ... ልጆቹ ደህና ናቸው... አራሷም ደህና... በሬዬ ግን ታሟል... ትናንት ነው የጀመረው... እንደሱ ላድርግ?... እግዜር ይስጥልኝ። (ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ) ከጢቾ ነው፤ ኦቦ ዱሬሳ ይባላሉ። ሰፊ ስንዴ ደርሶባቸው ሰማዩ ደመና ይዟል። ዌብሳይታችሁን አይቼ ነው ይላሉ።

ከዲሮ፦ (ይዘላል) አላልኩህም? አላልኩህም! አምጣ! (ድምፁን አወፍሮ) ሀሎ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ነኝ... አዎን፣ ዌብሳይታችን ጠንካራ ነው... ሰላምታውን አልወደዱትም?... ልጅዎ ናት የጨረሰችልዎ... እሺ... የቺንጋውን ጉዳይ? (ዋቅጅራን በቡጢ ያስፈራራዋል) አይ፣ እሱ ስህተት ነው፣ ዛሬውኑ እናጠፋዋለን... አይጥፋ?... እሱን አንብበው ነው የደወሉት?... «ሌላው ሁሉ አንደኛ ነኝ ይላል፣ ጥፋቱን የነገረኝ ይሄ ብቻ ነው»... እንዴታ! የድርጅታችን መመሪያ ነው! እንዲጽፍ ያዘዝኩት እኔ ነኝ! (ለዋቅጅራ በዓይኑ ይጠቅሰዋል) ኮምባይነሯ አሁኑኑ ትነሣለች... አያስፈልግም?... እንዴት?... የራስዎ አለችዎ... አዲስ... ኦፕሬተሩ ጥሎ ጠፋ... (ድምፁ ይቀጥናል) የሚፈልጉት ሰውዬውን ነው።

(አንዲት ዶሮ መጥታ ኮምባይነሯ መሰላል ላይ ትወጣለች።)

ዋቅጅራ፦ ምን አሉ?

ከዲሮ፦ ተሳስተው ነው የደወሉት።

ዋቅጅራ፦ (ስልኩን ይቀበለዋል) አቤት፣ ኦቦ... እኔን?... እስከ አጨዳው መጨረሻ... ለከርሞም... በኩንታል፣ ከነምግቡ... ዛሬ እነሣለሁ። አንዴ ወዳጄን ላናግረው፣ አይዝጉት።

ከዲሮ፦ ልትሄድ ነው?

ዋቅጅራ፦ ማሽንህ ማሳ ብትገባማ በዱላ ብትመታኝ አልሄድም ነበር።

ከዲሮ፦ በገዛ ዌብሳይቴ ሰው ወሰዱብኝ! እኔ ቀለም መርጬ፣ እኔ ፎቶ አንሥቼ!

ዋቅጅራ፦ ምን ታማርራለህ? ሠርቷል እኮ።

ከዲሮ፦ የሠራው ላንተ ነዋ! ለኔስ?

ዋቅጅራ፦ ሀሰኖ ዘንድ ሂድ። ይቅርታ ብትለው ቂም አይዝም፤ አንድ ሰዓት ሰድቦህ ይተወዋል።

ከዲሮ፦ ሀሰኖ ለሌላ ኮምባይነር ሥራ ይዟል። አጠገቤ ሲያልፍ መስኮት ከፍቶ ነው የሚስቀው። (መሬቱን በጫማው ይጭራል) ዋቅጅራ...

ዋቅጅራ፦ አቤት።

ከዲሮ፦ እዚያ... ረዳት አላቸው?

ዋቅጅራ፦ የምን ረዳት?

ከዲሮ፦ ስንዴው ሲሞላ ማዳበሪያውን የሚይዝ። አፉን የሚሰፋ። ናፍጣ የሚቀዳ። እስከ አጨዳው መጨረሻ ብቻ። ጠይቅልኝ፤ ግን «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» እንዳትል።

ዋቅጅራ፦ (ወደ ስልኩ) ኦቦ፣ ረዳት የሚሆን አንድ ሰው ነበር... አውቀዋለሁ፣ አብረን ነው ያደግነው... ኤዬ... ኤዬ... (ስልኩን ሸፍኖ) «ስለ ራሱ በራሱ አፍ ይንገረኝ፤ ከጥፋቱ ይጀምር» ይላሉ።

ከዲሮ፦ ከየትኛው?

ዋቅጅራ፦ ሁሉንም ይንገረኝ ነው የሚሉት።

ከዲሮ፦ (ባልዲውን ይገለብጥና ይቀመጥበታል። እጁን ለስልኩ ይዘረጋል፤ ከመያዙ በፊት ግን ቆም ይላል) ስልክህ በቂ ቻርጅ አለው?