ቤት ውስጥ ስፓኒሽ የሚያጠና ሰው ካለ

ለመሆኑ ቤታችሁ ስፓኒሽ የሚያጠና ሰው ገብቶ ያውቃል? ካልገባ አምላካችሁን አመስግኑ። ይህ ዓይነቱ ሰው አንድ ጊዜ ተናግሮ አይበቃውም። «እበላለሁ» ካለ «ትበላለህ፣ ይበላል፣ እንበላለን» ሳይል አያርፍም፤ አገሩን ሁሉ ሳያበላ እህል አይቀምስም።

የእኔዋ ልጅ በመንግሥት ወጪ ኩባ ሄዳ ሐኪምነት ለመማር ቋንቋውን ልትፈተን ነው። ሞላሌ ገበያ በግ ልንሸጥ ወጥተን እንኳ ገዢው ዋጋ ሲጠይቃት፣ እሷ በጉን ይዛ «አብሎ፣ አብላስ፣ አብላ፣ አብላሞስ» ትላለች፤ «እናገራለሁ፣ ትናገራለህ፣ ይናገራል፣ እንናገራለን» ማለቷ ነው። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ «ምነው እትዬ፣ ልጅቱ ትደግምብኛለች እንዴ?» አለና አማትቦ ሄደ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። እሷም ስፓኒሹን በእኛው ፊደል ጽፋ «እማዬ፣ ስሳሳት አርሚኝ» ብላ ደብተሩን ሰጠችኝ። ኩባ ግን ባሕር ማዶ ናት፤ የሄደ ልጅ መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? ፍርሃቱ እንቅልፍ ነስቶኛል።

በፈተናው ዋዜማ «እንበላለን» ለማለት «ኮሜሞስ» ማለት ሲገባት «ኮማሞስ» አለች። ጣቴን ደብተሩ ላይ እንዳደረግሁ ዝም አልኩ። ብትወድቅ እኮ እዚሁ ትቀርልኛለች። በዚህ እናትን የሚከስ ዳኛ አለ?

እሷ ግን ቀና ብላ «ልክ ነኝ አይደል?» አለችኝ፤ ጥርጣሬ የሚባል ፊቷ ላይ የለም።

«የለም» አልኳት። «የ‹አብላሞስን› ጭራ ነው እዚህ የቀጠልሽበት። ከራሱ ጀምሪ።»

«አንቺስ ከመምህሩ ባስሽ» ብላ ሳቀች።

አንድም ሳትስት እስክትጨርስ ከመደቡ አላስነሳኋትም። ልጅሽን ኩባ የላካት መንግሥት ነው ይሉኛል። እኔ ነኝ።