ጡረታዬና የወይንሸት እምቢታ

የእኛ ሰው «አልፈልግም» ሲል ድርድሩ ገና መጀመሩ ነው። አንጀቱ እየጮኸ «በልቼ ነው የመጣሁ» ይላል። ጋባዡም ይህን ስለሚያውቅ ሁለቴ ሦስቴ «በሞቴ!» ይላል፣ ይቆጣል፣ ሊያኮርፍም ይዳዳዋል፤ እንግዳው «እንግዲህ አንተን ላለማስቀየም» ብሎ ሳህኑን ያጸዳል። ሆላንድ ውስጥ ይህ አይሞከርም። አንዴ «አልፈልግም» ካላችሁ ሳህኑ ተነሣ፤ ጦማችሁን ታድራላችሁ።

ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ኖሬ፣ እኔም ሆላንዳዊ መሆኔን ያወቅሁት የጡረታ ደብዳቤ የመጣልኝ ዕለት ነው። ደብዳቤው ምርጫ ይሰጣል፦ ወይ በሕይወት እስካለሁ ሙሉውን እወስዳለሁ፣ ስሞት አብሮኝ ይቀበራል፤ ወይ በየወሩ ትንሽ ይቀነስብኝና ከእኔ በኋላ ለሚስቴ ይከፈላታል። ሙሉውን ከፈለግሁ ግን ሚስቴ «ድርሻዬን ትቻለሁ» ብላ መፈረም አለባት። ወይንሸት ደግሞ ልጆች ስታሳድግ ኖራ የሆቴል ጽዳት የጀመረችው ዘግይታ ነው፤ የራሷ ጡረታ የስኪዳም ቤታችንን ኪራይ እንኳ አይሸፍንም።

«ከጡረታዬ ድርሻ ላስቀምጥልሽ?» አልኳት፣ ለደንቡ ያህል።

«ከአንተ በኋላ ልኖር? እኔን ያስቀድመኝ!» ብላ አማተበች።

እናንተ ብትሆኑ «በሞቴ» ትሉ ነበር። እኔ ግን፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ደስ አለኝ። የሰው ፈቃድ ይከበራል ብዬ እስክሪብቶ አቀበልኳት። ፈረመች። ሐሳቧን ሳትቀይር ብዬ ፖስታ ቤት የሄድኩት በሩጫ ነው።

ከዚያ ወዲያ ለምጠይቃት ሁሉ መልሷ «እሺ» ብቻ ሆነ። ትዳር ውስጥ የቆየ ሰው «እሺ» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በሳምንቱ የግብር ወረቀት ስፈልግ ከመሳቢያዋ የእሷ የጡረታ ቅጽ ግልባጭ ወጣ። በአንድ ዓመት ስለምትበልጠኝ (ከእኔ እንዳልሰማችሁ) ጡረታ የወጣችው አምና ነው። ከዚያች ለራሷ ከማትበቃ ገንዘብ ላይ አስቀንሳ፣ ከእሷ በኋላ ለእኔ እንዲከፈለኝ ፈርማለች። አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አልኳት።

«ምኑን ነው የምነግርህ?» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

በማግስቱ ወደ ጡረታው ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴት የመጀመሪያው ክፍያ እስኪወጣ ምርጫው ሊቀየር እንደሚችል ነገረችኝና፣ «ባለቤትዎ ሐሳባቸውን ቀየሩ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። «እሷ እንደነበረች ናት። የቀየርኩት እኔ ነኝ።»