ምሥራች የማያምኑት ዶክተር ሴቨሪን

በየመሥሪያ ቤቱ ምሥራች የማይዋጥለት አንድ ሰው አይጠፋም። ቤት አገኘሁ ስትሉት ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ይጠይቃል። ከሕመም ድናችሁ ስትመለሱ፣ መጀመሪያውኑ መታመማችሁን ማን እንዳረጋገጠ ማወቅ ይፈልጋል። ክፋት የለበትም፤ ምቀኛም አይደለም። ደስታ ፊቱ ሲቀርብ እንደ ገበያ ቲማቲም ሳያገላብጥ አይቀበልም፣ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ገና ያልተከፈተ መሥሪያ ቤት ነው።

በቭሮትስዋቭ ከተማ፣ ከኦድራ ወንዝ ብዙም በማይርቅ አንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት ውስጥ፣ ይህን ማዕረግ ይዘው የኖሩት ክቡር ዶክተር ሴቨሪን ጋይዳ ነበሩ። ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው ናቸው። ደስ የሚል ነገር የነገራቸው ሰው ሲኖር መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ይጠርጉና “ይሁን፤ ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?” ይላሉ። በተቋሙ ውስጥ ይህችን አነጋገር አስመስሎ የማይቀልድባት አልነበረም፣ የበሩ ጥበቃ ሳይቀር።

በስማቸው ቀን፣ ማለትም ስሙን የያዙት ቅዱስ በሚከበርበት ዕለት፣ ባልደረቦቻቸው ኬክ ቆርሰው፣ እንደ አገሩ ወግ መቶ ዓመት እንዲኖሩ ዘመሩላቸው። ዶክተሩ ዘፈኑ እስኪያልቅ በትዕግሥት ቆመው “አመሰግናለሁ። መቶው ሲደመር ሲቀነስ ስንት?” አሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አፖሎኒያ ደግሞ ለእንግዳ ሁሉ የሚያወሩት አንድ ታሪክ አላቸው። “ላግባሽ ሲለኝ እሺ አልኩት። በማግሥቱ አበባ ይዞ ተመልሶ መጣ። ደስ አለኝ። ‘ትናንት ደክሞሽ ነበር እንዴ?’ አለኝ።”

አንዲት ጎረቤታቸው ዶክተሩ ማይክሮዌቭ ላይ እንደሚሠሩ ሰምታ፣ የተበላሸ የምግብ ማሞቂያዋን ታቅፋ ደጃቸው ድረስ መጥታ ነበር። ሥራቸው ሌላ መሆኑን ከማስረዳት ይልቅ “መበላሸቱን በምን አወቁ?” አሏት። “አይሠራማ” አለች። “ይሁን፤ ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?” ብለው ቤቷ ድረስ ተከትለዋት ሄዱ። ማሞቂያው ደህና ነበር፤ የሞተው ሶኬቱ ነው። ሴትዮዋ ግን ጠዋት አዲስ ማሞቂያ ገዝታ ስለነበር፣ እስከ ዛሬ በደረጃው ላይ ሲያልፉ ፊቷን ታዞርባቸዋለች።

ሥራቸው መለካት ነው። ማይክሮዌቭ ሲያልፍበት ጥቂት ሞገድ የሚበላ ዕቃ አለ፤ ብዙ የሚበላም አለ። ለስልክ ማማ የሚሆን ሴራሚክ ይምጣ፣ ብርድ ሲይዘው ኤሌክትሪክን እንደልብ የሚያሳልፍ ስስ ጥቁር ሽፋን ይምጣ፣ ምን ያህል እንደሚበላ ፈርደው የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። የጥቁሩ ሽፋን አለካክ እንዲህ ነው። አንዲት ትንሽ የመዳብ ሳጥን አለች። መሐሏ ላይ የሰንፔር ድንጋይ ይቀመጣል። አንዱ ሽፋን ጣሪያ፣ ሌላው ሽፋን ወለል ይሆናል። ሳጥኗ ጢሱ በሚግተለተል እጅግ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ትነከርና ሞገድ ይላክባታል፤ ያኔ እንደ ደወል ትደውላለች። ጆሮ አይሰማውም፤ በመሣሪያው መስኮት ላይ ሹል መስመር ሆኖ ነው የሚታየው። ሽፋኖቹ ጥሩ ከሆኑ ደወሉ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ሹሉም ይቀጥናል። ሞገዱን የሚበላ ካለ ቶሎ ይሞታል፣ ሹሉም ይወፍራል።

ሽፋኖቹን የምትሠራው ኦቲሊያ ቭሮና ናት። ፎቅ ላይ ባለችው የምድጃ ክፍል ውስጥ በጣም ስስ በሆነ ድንጋይ ላይ ጥቁሩን ሽፋን ታሳድጋለች፤ አንዱን ለማብቀል ቀናት ይፈጃል። ከዚያ ምድር ቤት ወርዳ ከዶክተር ሴቨሪን ፊት መቆም አለባት። ጓንት ያስለብሷታል። ትንፋሽዎ ይከብዳል ብለው ከጠረጴዛው ያርቋታል። ጥሩ ውጤት በመጣ ቁጥር ሰንፔሩን ደግመው ያጥባሉ፣ ሽቦውን ይቀይራሉ፣ ጥፋት ፍለጋ ሲዞሩ ይውላሉ። ልጇ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባች ዕለት ደስታዋን መያዝ አቅቷት ወደ ምድር ቤቱ ደውላ ነበር። ከወዲያ በኩል መነጽር የሚጠረግበት ዝምታ መጣ፤ ቀጥሎ የታወቀችው ጥያቄ። ኦቲሊያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችው፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከሰላምታ በቀር አላናገረቻቸውም። ጡረታቸው የሚደርስበትን ቀን በልቧ ትናፍቅ ነበር።

ሁሉ ነገር በሚጠረጠርበት በዚያ ምድር ቤት ውስጥ ያልተጠረጠረ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሳጥኗ ወለል። ወለሉ የሟቹ የኦልጌርድ ሥራ ነው። የምድጃውን ክፍል ያቋቋሙት፣ ኦቲሊያንም ያስተማሯት ኦልጌርድ ናቸው፤ ከዶክተር ሴቨሪን ጋር ከተማሪነታቸው ጀምሮ አንድ ምሳ ተካፍለው የበሉ ወዳጅ ነበሩ። በሕይወታቸው የሠሩትን ምርጡን ሽፋን ለወዳጃቸው ሰጥተው ነበር። ዶክተሩ በከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለው ያኖሩታል፤ የመጣ ሽፋን ሁሉ ጣሪያ ሆኖ ከዚህ ወለል ጋር ይለካል። የሳጥኗን መዳብ ይጠረጥራሉ፣ የራሳቸውን ዓይን ይጠረጥራሉ፤ ወለሉን ግን ሲያወጡትም ሲመልሱትም እንደ ሕፃን ነበር የሚይዙት።

ኦልጌርድ ካረፉ ወዲህ የኦቲሊያ ሽፋኖች ከዓመት ዓመት እየባሱ መጡ። ዳይሬክተሩ አቶ ሊፕስኪ ጨካኝ ሰው አይደሉም፤ ቁጥር የሚያምኑ ሰው ናቸው እንጂ። በስብሰባ ላይ “እጁን ይዞት ሄደ” አሉ፣ ኦልጌርድን ማለታቸው ነው። ምድጃው ለሌላ ተቋም ይሰጥ፣ ኦቲሊያም ሌላ ክፍል ትመደብ ተባለ። አንድ የመጨረሻ ሽፋን ሠርታ እንድታቀርብ ፈቀዱላት፤ አርብ ይወሰናል።

ኦቲሊያ ያን ሽፋን ስትሠራ እንደ ሕመምተኛ አስታመመችው። ከምድጃው ሲወጣ ጥቁረቱ ፊቷን ያሳያት ነበር። እንዲህ ያለ ሠርታ እንደማታውቅ እርግጠኛ ሆነች፤ ልቧ ሞቅ አለ፣ ያን ለማንም ሳትናገር ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ዕለቱ ከዐቢይ ጾም በፊት የሚውለው ሐሙስ ነበር፣ ከተማው ሁሉ ቦምቦሊኖ ሲበላ የሚውልበት። ዳይሬክተሩም ማርማላታ የሞላው ቦምቦሊኖ በወረቀት ይዘው ውጤቱን ሊያዩ መጡ። ሳጥኗ ተነከረች፤ ጢሱ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወረደ፤ መስኮቱ ላይ ሹሉ መጣ። ወፍራም ነበር። እስከ ዛሬ ከመጡት ሁሉ የወፈረ።

“ይኸው እንግዲህ” አሉ አቶ ሊፕስኪ ቀስ ብለው። “አዝናለሁ ወይዘሮ ኦቲሊያ። ነገ እንዘጋዋለን።”

ኦቲሊያ ጓንቷን አወለቀች። አመነች። ዓይኗ ያየውን ጥቁረት ትታ መስመሩን አመነች፤ አፍራም መሬት መሬት አየች።

ዶክተር ሴቨሪን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

“ይሁን፤ ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?”

“ዶክተር፣ እባክዎ” አሉ ዳይሬክተሩ። “ይሄ እኮ ምሥራች አይደለም።”

“መርዶም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው።”

ኦቲሊያ ቀና ብላ አየቻቸው። ያን ሁሉ ዓመት የእሷን ደስታ የሚጠሉ ሲመስሏት የኖሩት ሰው፣ አሁን ኀዘኗን እንደዚያው አገላብጠው ሊያዩት ተነሥተዋል። ዳይሬክተሩ ትከሻቸውን ሰብቀው ወጡ። ዶክተሩ ሰንፔሩን አጠቡ። ሽቦ ቀየሩ። ናይትሮጅኑን ደፍተው አዲስ ሞሉ። ሹሉ እንደወፈረ ነው።

“ይተዉት ዶክተር” አለች። “እጄ ነው። ሁሉም ያወቀው ነገር ነው።”

“የእርስዎን እጅ ለክቼ አላውቅም” አሉ ሳያዩዋት። “እኔ የለካሁት ሁለት ሽፋን ነው፤ ጣሪያና…”

ንግግራቸውን አልጨረሱም። እጃቸው ሳጥኗ ላይ እንዳለ ቀረ። “ሌላ ያስቀሩት ሽፋን አለዎት?” አሏት።

“ባለፈው ያመጣሁት አለ። እርስዎ አይረባም ያሉት።”

“እሱን ያምጡልኝ።”

አመጣች። የኦልጌርድን ሽፋን ከወለሉ አንሥተው በጨርቁ ላይ አኖሩትና የእሷን ሁለት ሽፋኖች፣ አንዱን ጣሪያ አንዱን ወለል አድርገው ዘጉት። ሳጥኗ ቀዘቀዘች። መስኮቱ ላይ የመጣው ሹል እንደ መርፌ የቀጠነ ነበር።

ለመረዳት ዶክተር መሆን አያስፈልግም ነበር። የእሷ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሞገዱን ሲበላ የኖረው ወለሉ ነው። ሳጥኗ በተከፈተችና በተዘጋች ቁጥር እርጥበት ጥቂት በጥቂት እየጎዳው፣ ያ ውብ ሽፋን በከረሜላ ቆርቆሮው ውስጥ እያረጀ ነበር፤ እርጅናውም በየዓመቱ በኦቲሊያ ላይ ሲቆጠር ኖሯል።

“የእሱን ድካም በእርስዎ ስም ስፈርም ኖርኩ” አሉ ዶክተር ሴቨሪን። “ሁሉን ጠርጥሬ እሱን አልጠረጠርኩም። እንዴት ብዬ… ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ኦቲሊያ ተናደደች፤ አለመናደድ አይቻልም። እንቅልፍ ያጣችባቸው ሌሊቶች ትዝ አሏት፣ በስብሰባ ላይ አንገቷን የደፋችበት ትዝ አላት። ልትናገር አፏን ስትከፍት የሰውዬውን እጅ አየች። ጨርቁን በሽፋኑ ላይ እያለበሱት ነበር፣ ብርድ እንዳይመታው ይመስል። ቁጣው ከአፏ ሳይወጣ ቀረ፤ ኦልጌርድ እሷንም አስተምረዋታል።

“ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፣ ዶክተር?” አለች።

ዞረው አዩዋት።

“ላዩ ላይ ብቻ ያረፈ እርጥበት ይሆናላ። ወይም አቀማመጡ ነው። እንደገና እንለካው” አለች።

በዚያ ምድር ቤት ውስጥ ‘እንደገና እንለካው’ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። የኦልጌርድን ሽፋን በአልኮል አጠቡት፤ አደረቁት፤ እሷ ራሷ ትንፋሿን ይዛ ወለሉ ላይ አስተካክላ አኖረችው። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው መስኮቱን ጠበቁ። ሹሉ ወፍራም ሆኖ መጣ።

“ሌላስ?” አለች።

“ምንም” አሉ ዶክተር ሴቨሪን። “አልፏል።”

ሽፋኑን ጠቅልለው ወደ ቆርቆሮው መለሱ፣ ክዳኑንም በሁለት እጃቸው ዘጉት። ከዚያ የእሷን አዲሱን ሽፋን አንሥተው ሳጥኗ ወለል ላይ አኖሩት።

“ከዛሬ ጀምሮ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ይለካል” አሉ። “ግን አይኩራሩ። በየወሩ እጠረጥረዋለሁ።”

በዚያ ሕንፃ ውስጥ ለማንም እንዲህ ያለ ምስጋና ተሰጥቶ አያውቅም። ኦቲሊያ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች።

አብረው ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ወጡ። አቶ ሊፕስኪ ነገሩን ሰምተው፣ ጣታቸው ላይ የቀረውን ስኳር አራግፈው፣ ለወጉ ያህል “እርግጠኛ ነዎት?” ብለው ጠየቁ። ጸሐፊዋ በተከፈተው በር በኩል ጽሕፈቷን አቆመች።

“አዎ” አሉ ዶክተር ሴቨሪን።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዳይሬክተሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ቁጥር የሚያምኑ ሰው ቢሆኑም፣ ያን ቀን ያመኑት ያችን አንዲት ቃል ይመስላል።

አርብ ከሰዓት በኋላ ስብሰባው አለቀ። ኦቲሊያ ወደ ዶክተሩ ቤት ደወለች። ያነሡት ወይዘሮ አፖሎኒያ ነበሩ፤ ባላቸውን ጠሩላት።

“ዶክተር፣ ምድጃው አይዘጋም። ሁሉም ተስማሙ፤ ክፍሉ ይቀጥላል።”

ከወዲያ በኩል መነጽር እየተጠረገ ነው።

“ይሁን” አሉ፤ “ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ምናልባት ለዚህ ዓመት ብቻ ብለው ይሆናል። በጀቱን አይተውታል? ደግሞ ሊፕስኪ ከተዛወሩ…”

ኦቲሊያ በእግሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ስልኩንም ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረችው።

“ይቀጥሉ ዶክተር” አለች። “እየሰማሁ ነው።”