የመዝገቡ ሳል

እንደ ጎረቤቴ እንደ መዝገቡ ምስጢር የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ማኅበራዊ ሚዲያ ሲመርጥ ለልጁ ባል የሚመርጥ አባት ነው የሚመስለው፤ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። አንዱን ስልክ ቁጥሬን ያሳያል ብሎ ተወው። ሌላው መልእክቱንም፣ ክፍያውንም፣ የታክሲ ጥሪውንም አንድ ላይ የያዘ ነበር። «ይሄ ሁሉን ካወቀ ለእኔ ምን ቀረኝ?» ብሎ አጠፋው። በመጨረሻ ሁነኛ እስኪያገኝ ድረስ ሁሉንም ዘጋ፤ ስልኩንም አጥፍቶ ቤቱ ተቀመጠ።

ኮልፌ ውስጥ እንዲህ ዝም ተብሎ ይጠፋል እንዴ? የሰፈሩ ሴቶች ታሞ ይሆናል ብለው ብርቱካን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። የእድራችን ሰብሳቢ ደግሞ «ለማንኛውም» ብለው ድንኳኑን አውጥተው ማናፈስ ጀመሩ። ድንኳኑን ሳይ ሮጬ ሄጄ በሩን በቡጢ ደበደብኩት።

መዝገቡ በፒጃማ ብቅ አለ። «ምነው? ሰው የግል ሕይወት የለውም?»

እትዬ አስካለ ብርቱካናቸውን አቅፈው እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ተመስገን! ልጄ፣ ምስጢርህን ያዝ፣ ማን ከለከለህ? ብቻ ጠዋት ጠዋት አንዴ ጮክ ብለህ ሳልልን።»

መዝገቡ እስካሁን ማኅበራዊ ሚዲያውን አልመረጠም። ዛሬ ጠዋት ግን በግድግዳው በኩል «እህ፣ እህ» ሲል ሰማሁና፣ ተመስገን ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ።