እግረ መንገዷን

ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ በእኔ ወጥ ቤት፣ በእኔ ቢላዋ። ማን ላጪልኝ አላት? ማንም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም፤ ቢያባርሩት የማይሄድ፣ ቢያኮርፉት የማይገባው። የእኛዋ፣ ክብርት የጤና ሠራተኛዋ ናት። ሰበቧ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "እግረ መንገዴን ነው እማማ!" ቤታችን የቅያሱ መጨረሻ ነው፤ ከእኛ ወዲያ ያለው ግንብ ብቻ። ወዴት ስትሄድ በእኛ በኩል እንደምታልፍ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ስታንኳኳ መጀመሪያ የማየው የጓዳውን በር ነበር። ጓዳ ውስጥ ታናሽ ወንድሜ አለ። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። አንድ ቀን ድምፁ ጠርቶት መኪና መሀል ከገባ ወዲህ በሩን ከውጭ እቀረቅርበታለሁ። ሰው ካወቀ አስረው ይወስዱብኛል ብዬ፣ ሲጮህ ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ። ለካ ያሳበቀብኝ ሬዲዮው ኖሯል! ድምፅዋ ከራሷ አልፎ የማይሰማ አሮጊት፣ ሰፈር የሚያደነቁር ሬዲዮ ምን ያደርግላታል?

ክብርትነቷ ስለ ጓዳው አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ሥራ ከእጄ ትቀማኛለች፣ ወንበር ወደተቀረቀረው በር ትጎትታለች፣ ከዚያ ለእንጨቱ ታወራለች። "ጋሼ፣ ዛሬማ ፀሐዩ አናት ይበሳል!" "ጋሼ፣ እህትዎ ጨው አበዙ፤ ይምከሯቸው እንጂ!" በሩ ዝም። እኔ እጄ ሬዲዮው ላይ።

ያን ቀን ሽንኩርቱን መክተፍ ስትጀምር በሩ ተናገረ።

"ያንን ነገር ወደዚያ አርቂው! ዓይኔን አጠፋሽው!"

ቢላዋው ቆመ። "ይቅርታ ጋሼ፤ ይውጡና ቦታ ይምረጡልኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በቀስታ፣ "እማማ፣ ይክፈቱላቸው" አለችኝ።

"ቢሮጥስ?"

"አብረን እንሮጣለን።"

መቀርቀሪያውን እንደምንም ሳብኩት። ወንድሜ ወጣ፤ ግድግዳውን ተደግፎ አያት።

"ልትወስጂኝ ነው?"

"የት ልወስድዎት? እኔ ራሴ ጫማ ሰፊው ጋ መድረስ አቅቶኝ እዚህ ተጎልቻለሁ!" ከፌስታሏ ጫማ አውጥታ አሳየችው። ተቀበላትና አገላበጠው።

"አፉን ከፍቷል" አለ።

ሦስታችንም ዓይናችንን ጠረግን፤ ሽንኩርቱ ጥሩ ሰበብ ሆነልን።

"ነገ የጤና ጣቢያችንን ሐኪም ይዤ እመጣለሁ" አለችን። "እዚሁ ቤታችሁ ያያቸዋል። መድኃኒቱን እኔ አመላልሳለሁ። የሚያስራቸው የለም።"

እሷ ይህን ስትል እኔ ዓይኔ የውጩ በር ላይ ነበር። መድኃኒቱን እምቢ ቢልስ? ያ ድምፅ እንደገና ቢጠራውስ? ጓዳውን ግን አልቀረቀርኩም።

የሄደችው ጫማ ሰፊው ከዘጋ በኋላ ነው። ፌስታሏን ከነጫማው ወንበሩ ሥር ረስታዋለች። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ድንገት አዲስ ፍርሃት ያዘኝ። ነገ ብትቀርስ?

አፌን ዘጋሁ። ጫማው መያዣ ይሁነኝ።