ጃፓኑ ሦስቴ እምቢ ብሎ ነበር

ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ሰው አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አንድ መጽሐፍ ይዞ መኪና ያለው ሰው ነው። በተለይ እናንተ መኪና ከሌላችሁ።

ጋሽ ታደሰ እንደዚያ ናቸው። ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ፣ አንድ የዕቃ ዌርሃውስ፣ አንድ ሺፍት ነን፤ ጠዋት ጠዋት ከአርሊንግተን ያነሱኛል። ባቡር የለ፣ ምን የለ፤ እናም ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ የአንድ ጃፓናዊ መስፍን ታሪክ ጋቱኝ። ስሙ አይያዝላቸውም፤ «ጃፓኑ» ነው የሚሉት። ጃፓኑ በልጅነቱ ለጠላት ቤት መያዣ ተሰጠ። ጃፓኑ አድጎ የሌላ ጌታ ጦር መራ። ጃፓኑ ግዛት ሲሰጡት ሦስቴ «አይገባኝም» አለ፤ በአራተኛው ለምነው ሾሙት።

«ሹመት እንዲህ ነው!» ይላሉ መሪውን በጥፊ እየመቱ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ልጄ!»

እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ምን ብዬ ልከራከር? ደግሞስ ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልን፣ በሞቴ እስክንባል «በልተን ነው የመጣነው» እያልን አይደል ያደግነው?

ባለፈው ወር ሱፐርቫይዘራችን ሁለታችን የቆምንበት መጣችና «ሊድ መሆን ትፈልጋለህ?» አለችኝ። ሊድ ማለት ካርቶን መሸከም ቀርቶ፣ ታብሌት ይዞ ማዘዝ ነው። ወገቤ በሃያ ስድስት ዓመቴ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። መፈለግ ብቻ? ስለት ተስዬበታለሁ!

«ኖ፣ ኖ፣ ከእኔ የተሻሉ አሉ» አልኩና፣ መሬት መሬት እያየሁ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ።

«ኦኬ» አለች።

ኦኬ! በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ። ወዲያው ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረች።

«የስ!» አሉ፣ ሴትዮዋን አፏን እንኳ ሳያስከፍቱ።

ስንመለስ አኩርፌ አኩርፌ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ሦስቱ እምቢታ የት ገባ?»

«እሱ እኮ መጽሐፉ መሐል ላይ ነው። መጨረሻው ላይ ጌታው ይሞታል፤ የጌታው ልጅ ወደ አባቱ ግንብ ልግባ አልግባ ሲል ጃፓኑ ቀድሞ ይወስድበታል።»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ ይሄን አይነግሩኝም?»

«እሁድ ለት ነው የጨረስኩት!»

አሁን ታብሌታቸውን ይዘው «ያችን ወደዚህ» ይሉኛል፤ እሸከማለሁ። ጠዋት ደግሞ እንደ ድሮው ያነሱኛል። በቀደም አዝነው ይሁን አፍረው «መጽሐፉን ላውስህ?» አሉኝ።

«አይ፣ ይቅርብኝ» አልኩ። ልማድ ነዋ!

እሳቸው ግን ያገሬ ሰው ናቸው። ሦስቴ ለመኑኝ፣ በሞቴም አሉኝ። በአራተኛው ተቀበልኩ።

ከመጨረሻው ገጽ ነው የጀመርኩት።