ሊቀ መፍቻ ሸሀቡ

ሰው ሲጠይቀው ዝም የሚል፣ ብረት ሲያንሾካሹክ ግን ጆሮውን የሚሰጥ መካኒክ የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። የደባርቁ ሸሀቡ ነበሩ። «ሊቀ መፍቻ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ መፍቻን ከጉጠት ባልለይም፣ ቅኔ ቤት ስለ ዋልሁ ሁሉን አውቃለሁና።

በሰባ ዘጠኝ ክረምት ናዳ የሊማሊሞን መንገድ ዘጋው። ድንጋይ የሚጠርገው ሎደር አካፋውን ወደ ላይ እንደ ሰቀለ ለጥቂት ጊዜ ሲያርፍ፣ እኔ ጥላዬን ከጎኑ ባገኘሁት ማንጠልጠያ ላይ ሰቅዬ፣ ከአውቶቡስ ለወረደው መንገደኛ የናዳን ምሥጢር አብራራሁ። ኦፕሬተሩ ተመልሶ ማዘዣውን ቢጫን፣ አካፋው አልወርድ አለ።

«የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!» አሉ ሥራውን የሚቆጣጠሩት ካድሬ፣ ጓድ አገኘሁ። «አድራጊው ሳይያዝ ማንም አይነቃነቅም!»

«ይያዝ!» አልሁ፤ ድምፄ ከሁሉ ይጎላ ነበር።

ሊቀ መፍቻ ከደባርቅ ተጠርተው መጡ።

«ዘይቱ በስሜን ብርድ ረግቶ ነው፤ እሳት ይነድበት» አልኋቸው።

«ቆዩ የኔታ፣ ራሷ ትናገራለች» አሉና ጆሯቸውን ከብረቱ አስጠጉ። «ይህ ጥቅል ሽቦ ሶሌኖይድ ይባላል። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ማግኔት ሆኖ በውስጡ ያለችውን ብረት ይስባል፤ እሷም ‹ቀጭ!› ብላ ለዘይቱ በር ትከፍታለች። ሲቋረጥባት ሞላው ይመልሳትና በሩ ይዘጋል። ዛሬ ቀጭ አላለችም። ዘይቱስ ጤነኛ ነው፤ በረኛዋን የሚያዛት ጠፍቶ ነው እንጂ።»

ካቻቪቴያቸውን ከጥቅሉ ቢያስጠጉ አልተሳበም፤ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም ማለት ነው። ሽቦውን በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ፤ ሄደውም ከጥላዬ ላይ ደረሱ። ማንጠልጠያ ያልሁት ለካ ሽቦው ነበር፤ ከጥላዬ ክብደት የተነሣ ጫፉ ከቦታው ተነቅሏል። ቀና ብለው አዩኝ። «ይያዝ!» ያልሁት እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልሁ።

«የኔታ፣ ዝናብ መጣ፤ ጥላዎን ያዙ» አሉኝ። ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቶ ነበር።

ሽቦውን መለሱት። ቀጭ! አካፋው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ማን ነቀለው?» አሉ ጓድ አገኘሁ።

«መንገዱ ነው ጓድ፤ ሊማሊሞ ያንገጫግጫል።»

«እንግዲያ ሊማሊሞ ይታሰር!» አለች ታንጉት የምትባል መንገደኛ፤ ሰዉም በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ ዘግይቼ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ከሊቀ መፍቻ ጋር በደባርቅ ገበያ በተገናኘን ቁጥር፣ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ «ዝናቡ እንዴት ነው የኔታ?» ይሉኝ ነበር።

«አባርቷል፣ ሊቀ መፍቻ» እላለሁ፤ «ዕድሜ ለእርስዎ።»